ግማሽ ላይ የተቆረጠው ምርቃት

በሠርጌ ቀን ከአፌ አንዲት የቁጣ ቃል ላይወጣ ምዬ ነበር። ያስማለችኝ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ናት። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስላረፈች እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን እሷ ናት፤ እቴቴ ነው የምንላት። ሠርጉ ሲቃረብ አንድ ቀን አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና፣ «ልጄ፣ ለአንድ ቀን። አንድ ቀን ብቻ! ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ስትቀመጥ ነው የሚያምርባት። ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺታዬን ስላላመነችው በጊዮርጊስ አስማለችኝ።

ለምን እንደሰጋች ልንገራችሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ቤተሰቤ ስም ሲያወጣልኝ አልቀናውም። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው በጎን ሲገባ የምጮኸው እኔ ነኝ። ሌላው ሁሉ አጉረምርሞ ይተወዋል፣ እኔ ግን አልተወውም። አንድ ሰው የማያውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ሆኖ ሲነካካ ካየሁ ደግሞ ደሜ ይፈላል። ሥራዬ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ አንድ የቪዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ኤዲተር ነኝ፤ የሰው ሠርግ ስቆርጥና ስቀጥል እውላለሁ።

ከዮናስ ጋር ከተጫጨን ወዲህ ግን ጠባዬን ላርም ቆርጬ ተነሥቼ ነበር። የዮናስ ቤተሰቦች ረጋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። እነሱ ጋ ምሳ በልቼ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ‹ዛሬ ብዙ አወራሁ ይሆን? ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር?› እያልኩ ራሴን እመረምራለሁ። እንደዚህ ያለ ቤት የምትገባ ምራት ለስላሳ መሆን አለባት ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ታዲያ። ዮናስ አንድም ቀን ‹ቀስ በይ› ብሎኝ አያውቅም።

አባቴ ደግሞ የድምፅ ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሳሊተ ምሕረት፣ እኛ ሰፈር፣ ጋሽ ታደሰ የሚታወቀው ግን በምርቃቱ ነው። ልጁን የሚድር ሰው እሱን ሳይጠራ አይድርም። ከዘራውን ተደግፎ ቆሞ ሲመርቅ ግቢው በሙሉ «አሜን!» ይላል። ልጅ ሆኜ ኮቱን ይዤ ከጎኑ እየቆምኩ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ ምን ይል ይሆን እያልኩ ነው ያደግሁት።

የሠርጋችን ቀን ሊቆረጥ ሲል ጉሮሮው ውስጥ ዕጢ ተገኘበት። ሐኪሞቹ ነፍሱን ለማትረፍ ማንቁርቱን ማውጣት ነበረባቸው፤ ድምፁም አብሮ ይሄዳል ማለት ነው። አባዬ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የአጎቴን ልጅ ከነካሜራው አስጠራና፣ ሁለቱ ክፍሉን ዘግተው የሠርጌን ምርቃት ቀረጹ። ሲወጣ፣ «ትዕግሥት፣ ይሄን እስከ ሠርግሽ ቀን እንዳትሰሚው። ቀድሞ የተሰማ ምርቃት ደስ አይልም» አለኝ። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ብዙ አላስታውስም። ያችን ግን አልረሳትም።

ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አባዬ የሚነጋገረው በከዘራው ነው። ወለሉን አንድ ጊዜ ከመታ አዎ ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከመታ አይደለም። ነገሩ ረዘም ካለ ይጽፍልናል።

ቃሌን ጠበቅሁ። ቪዲዮውን ፍላሽ ላይ ካደረግሁት በኋላ፣ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥናችን ድምፁን ማንበቡን ለማረጋገጥ ብዬ መጀመሪያዋን ብቻ ሰማሁ። «እንደምን ዋላችሁ፣ ወገኖቼ» አለ። ይሠራል። ቶሎ ዘጋሁት፤ ፍላሹን ለወንድሜ ለኤፍሬም ሰጠሁት።

የታሰበው እንዲህ ነበር። ዮናስ ከሚዜዎቹ ጋር ሊወስደኝ ሲመጣ አባዬ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ እኛ ፊቱ እንንበረከካለን፣ ምርቃቱ በቴሌቪዥን ይሰማል፣ ጉልበቱን ስመን እንወጣለን። በእኛ ቤት ያልተመረቀች ሙሽራ ደጃፍ አትሻገርም። አባቴ የሰው ሁሉ ልጅ መርቆ፣ የራሱን ልጅ ሳይመርቅ ሊሸኝ አይችልም። የዚያን ቀን ከአበባውም፣ ከአዳራሹም፣ ከኬኩም የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ወንድሜ። ኤፍሬም ታላቄ ነው። ልቡ ሰፊ ነው፤ እጁ ግን አያርፍም። በሠርጉ ዋዜማ እኔ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ ሊያስደስተን ብሎ የግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍን ቴሌቪዥን አስጭኖ መጣ። የፋብሪካውን ስም እንኳ ሰምቼው አላውቅም። አሮጌውን ነቅሎ ለሰፈሩ ጥበቃ ሸለመው። እሑድ ጠዋት አዲሱን ሳየው ክው አልኩ።

«ኤፊ፣ ፍላሹን ሞክረህበታል?»

«ምኑ ይሞከራል? አዲስ እኮ ነው!»

መሐላዬ ትዝ አለኝ። አፌን ዘግቼ ወደ መኝታ ቤቴ ገባሁ። ሌላ ቀን ቢሆን ሳሎኑን አናውጬው፣ ፍላሹን እዚያው አስገብቼ፣ ነገሩ ገና በጠዋቱ ይለይለት ነበር።

የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ ሰፈራችን ሲታጠፉ እኔ ነጩን ቀሚስ ለብሼ፣ ቬሉ ፀጉሬ ላይ ተሰክቶ፣ አልጋ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጃገረዶቹ ደጁን ዘግተው መዝፈን ጀመሩ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል ሚዜዬ ሄለን ሹልክ ብላ ገባች።

«ትዕግሥት፣ አትደንግጪ እሺ?»

«ተናገሪ።»

«አባባ ይታያሉ… ግን አይሰሙም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቪዲዮው ላይ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ስክሪኑ ላይ ደግሞ የድምፁ ፎርማት አይደገፍም የሚል ነገር ይላል።»

ወዲያው ገባኝ። የቪዲዮ ፋይል እንደ ምሳ ዕቃ ነው። አንዱ ሳህን ላይ ሥዕሉ አለ፣ ሌላው ሳህን ላይ ድምፁ። የአጎቴ ልጅ ካሜራ ድምፁን የሚያስቀምጥበት ዓይነት አለው፤ አሮጌው ቴሌቪዥናችን ያን ዓይነት ያውቀዋል፣ ይህ አዲሱ ግን አያውቀውም። መፍትሔው ቀላል ነው። ሥዕሉን ሳይነኩ ትቶ፣ ድምፁን ብቻ ማንኛውም ቴሌቪዥን ወደሚያውቀው ዓይነት መለወጥ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ የምጨርሰው ሥራ ነው።

ተነሣሁ። «ላፕቶፔን አምጪልኝ።»

እቴቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች። «ቁጭ በይ! ሙሽራ በዚህ ሰዓት ሥራ ትይዛለች? ሰው ምን ይላል? ጥፍርሽ ተሠርቷል፣ ቬልሽ ተሰክቷል። ወንድምሽ አለ አይደል?»

«እቴቴ፣ ቶሎ እጨርሰዋለሁ፤ እዚሁ አልጋዬ ላይ…»

«ምለሻል!»

ምያለሁ። ተቀመጥኩ። ላፕቶፑን ሄለን ለኤፍሬም ወሰደችለት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስጽፈው እንኳ ይነደኛል። አንድ ግድግዳ ነው የሚለየን። ወንድሜ ሲሳሳት ይሰማኛል፤ እኔ ግን መሄድ አልችልም። ሄለን እንደ ፖስተኛ ትመላለሳለች።

«በኬብል ከላፕቶፑ ወደ ቴሌቪዥኑ ያገናኘው በይው፣ ምንም መለወጥ አያስፈልግም።»

ሄደች፣ ተመለሰች። «ኬብሉ አዳራሽ ነው። ያንቺ ስቱዲዮ ልጆች ወስደውታል።»

«ከላፕቶፑ ራሱ…» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። የላፕቶፔ ስፒከር ከሞተ ቆይቷል፤ እኔ ሁልጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ስለምሠራ አስጠግኜው አላውቅም። ትልቁ ስፒከርም አዳራሽ ነው። በስልክ እንዳይሞከር፣ ስልኮቹም ያን የድምፅ ዓይነት አላነበቡትም።

«እሺ፣ ድምፁን ብቻ ይለውጥ። ሥዕሉን እንዳይነካ! እኔ የምሠራበት ፕሮግራም እዚያው ዴስክቶፑ ላይ አለ በይው።»

ስትመለስ ፊቷን ሳየው መልሱን አወቅሁት። «ኤፊ ‹የሷ ፕሮግራም ለኔ አይገባኝም፣ የራሴን አወረድኩ› ብሏል። ሥራ ጀምሯል፤ አይዟችሁ ይላል።»

«ምን አወረደ? ስንት ይቀረዋል ይላል?»

«ሦስት ሰዓት።»

ቪዲዮውን እንዳለ፣ ሥዕሉንም ድምፁንም፣ ከሥር መሠረቱ እንደገና ሊሠራው ነው! ለአንድ ሳህን ተብሎ የምሳ ዕቃው በሙሉ ቀልጦ ሊሠራ! ትራሱን አንሥቼ አፌ ላይ ይዤ ጮህኩበት። ሜካፑ ትራሱ ላይ ታተመ። እቴቴ አማተበች።

ውጭ ልጃገረዶቹ ዘፍነው ዘፍነው ደከሙ። የሙሽራውን ወገን እንዲያቆዩ ተነግሯቸው ስለነበር በሩን አልከፈቱም፤ ከሚዜዎቹ አንዱ «እህቶቼ፣ ዛሬ ነው ወይስ ለከርሞ?» ሲል ተሰማኝ። ከዚያ በላይ ማቆየት ነውር ነው። በሩ ተከፈተ። የዮናስ ወገኖች ገብተው ሳሎኑን ሞሉት፤ የሁሉም ታላቅ የዮናስ አጎት ናቸው፣ ሽማግሌ ሆነው የጠየቁኝም እሳቸው ነበሩ። ሰላምታው ተሰጠ። ሁሉም ተቀመጠ። ሰው በየተራው ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«ሙሽሪትን አንጠራም እንዴ?» አሉ የዮናስ አጎት በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው። «አዳራሽ የሚጠብቀን ሰው አለ፤ የቦሌ መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ።»

«አንዴ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ!» ይላል ኤፍሬም። እንደገና ሌላ ነገር ማውረድ ጀምሯል፤ ኢንተርኔቱ ይሄዳል፣ ይቆማል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ወንድሜ ግን አፍስሶ እንኳ መልቀም አልጀመረም።

ከዚያ ድንገት፣ «ሠራ! ሠራ!»

ጭብጨባ ሆነ። እቴቴ፣ «አላልኩሽም?» ብላ ቬሌን ማስተካከል ጀመረች። ገና ተነሥቼ ሳልወጣ፣ ኤፍሬም ለመሞከር ብሎ ቪዲዮውን ከፈተው። የአባቴ ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ። ስንት ጊዜ በሕልሜ የሰማሁት ድምፅ! አልጋው ጫፍ ላይ ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

«እንደምን ዋላችሁ፣ ወገኖቼ። የሰው ልጅ ሁሉ ስመርቅ ኖሬ እነሆ የራሴ ተራ ደረሰ። ዮናስ ልጄ፣ ሳልመርቃችሁ በፊት አንድ ነገር ልንገርህ። ሰው በሬ ሲሸጥ እንኳ ጉድለቱን ለገዢው ይናገራል። ይህቺ ልጅ ግትር ናት። ከሕፃንነቷ ጀምራ አትታዘዝም። አፏ ላይ የመጣውን ሳትናገር አታድርም። ቁጣዋ ቅርብ ነው። እኔ አባቷ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ አሸንፌያት አላው…»

ተቆረጠ።

ቃሉ እንኳ አላለቀም። ኤፍሬም ሲነካካ ይሰማኛል። «ምን ሆነ? እንዴ… ነፃው ፕሮግራም መጀመሪያውን ብቻ ነው የሚለውጠው ይላል። ቀሪውን ከፈለግህ ክፈል ነው የሚለው…»

ከዚያ የዮናስ አጎት ነገሩን ለማለዘብ ብለው፣ «እንግዲህ… አባት ካለ አለ ነው» አሉ። አንድ ሁለት ሰው የግዱን ሳቀ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ተሰማኝ። «የተቆረጠ ምርቃት!» አለች አንዷ በሹክሹክታ። «ምርቃቱ የት አለ? ወቀሳው ብቻ ነው የተሰማው!»

ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። በእንግዳ ሁሉ ፊት፣ በእነዚያ ለስላሳ ሰዎች ፊት፣ ለወራት ልደብቀው ስታገል የነበረውን ጠባዬን የገዛ አባቴ በገዛ ድምፁ ዘረዘረው። ያውም ድምፁን መልሼ እሰማበታለሁ ብዬ ስጓጓለት በኖርኩት ቀን! እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ አፍታ አባቴን ተቀየምኩት።

ያኔ ነው ከዘራው የተሰማው። ጓ፣ ጓ። ሁለት ጊዜ። ትንሽ ቆየና ደግሞ፣ ጓ፣ ጓ።

«ምነው ወንድሜ? ውሃ ስጡት፣ ተናዶ ነው» እያለች እቴቴ ወደ ሳሎን ሮጠች። ከዘራው አላቆመም። ጓ፣ ጓ። እንግዶቹ ምን ያውቃሉ? የተቆጣ ሽማግሌ ነው የሚታያቸው። ኤፍሬም ጭንቅላቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ጽፎ እንዳያስረዳ በዚያ ግርግር ማን እስክሪብቶ ያቀብለው? እኔ ግን ሰማሁት። አባዬ ‹አይደለም› እያለ ነው። አላለቀም እያለ ነው። ሁለት ጊዜ ድምፅ አልባ ሆነ፤ አንዴ ሐኪም ቤት፣ አንዴ የገዛ ሳሎኑ ውስጥ።

መሐላዬ እዚያ ላይ አበቃ። ቀሚሴን በሁለት እጄ ሰብስቤ በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

«ዞር በል፣ ኤፊ!»

ከአፌ የወጣው ድምፅ ከአባቴ የወረስኩት ነበር፤ ሳሎኑ ተንቀጠቀጠ። ኤፍሬም ከወንበሩ ተነሣ። «ኧረ በጊዮርጊስ! ሙሽራ እኮ ናት!» አለች እቴቴ፣ የውሃ ብርጭቆውን እንደያዘች። አባዬን አየሁት። ዓይኖቹ ቀልተዋል፣ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ሐኪሞቹ ከከፈቱለት የአንገቱ ቀዳዳ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው። እኔን ሲያይ ግን ረጋ አለ። ከዘራውን አነሣና አንድ ጊዜ ብቻ መታ። አዎ።

ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ፍላሹን ከፈትኩት። ውስጡ ያለው ያ የተቆረጠው ብቻ ነው።

«ኦርጅናሉስ?»

ኤፍሬም ላብ በላብ ሆኗል። «ፍላሹ ሞላ አለኝ… አጠፋሁት።»

«ምን አደረግህ?»

«ሌላ የለሽም እንዴ?»

ሌላውማ አለኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም፣ እሑድ በሚዘጋ ሕንፃ ውስጥ፣ በተቆለፈ ቢሮ ውስጥ! እዚያ ድረስ ተሄዶ እስኪመለስ የሚጠብቅ ሙሽራም አዳራሽም የለም። የላፕቶፔን ፋይሎች በጥድፊያ መክፈት ጀመርኩ። ቬሉ በየሰከንዱ ኪቦርዱ ላይ ይወድቃል፣ የተለጠፉልኝ ረጃጅም ጥፍሮች ይንሸራተታሉ። አንደኛውን በጥርሴ ነቀልኩት።

አንድ ሰው አጠገቤ ተንበረከከ። ዮናስ ነው፣ ከነጥቁር ሱፉ።

«ምን ላግዝሽ?»

«ቬሉን ያዝልኝ።»

ቬሌን ሰብስቦ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ያዘው። እንደዚያ ይዞ ጠበቀኝ።

አገኘሁት። ኤፍሬም ሊለውጠው ሲል ወደ ላፕቶፑ ቀድቶት፣ ስም ሳይሰጥ ከፈጠራቸው ፎልደሮች በአንዱ ውስጥ ረስቶታል። በሕይወቴ የሰው ዝርክርክነት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የራሴን ፕሮግራም ከፈትኩ። ሥዕሉን እንዳለ ተወው አልኩት፤ ድምፁን ለውጥ አልኩት። የሚዜዎቹ መኪና ውጭ ጥሩምባ ነፋ፤ ማንም አልወጣም። አለቀ። የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቼ መጨረሻውን ብቻ ለጥቂት ነካሁ፣ እስከ ዳር ድምፅ አለው። ወደ ፍላሹ ቀዳሁት፤ ፍላሹን ነቅዬ አዲሱ ቴሌቪዥን ላይ በገዛ እጄ ሰካሁት።

ዮናስና እኔ አባዬ ፊት ተንበረከክን። ከመጀመሪያው ጀመረ። ሰላምታው አለፈ። ‹ግትር ናት› የሚለው ሲደርስ አንገቴን ደፋሁ። ‹አንድ ቀን እንኳ አሸንፌያት አላውቅም› አለና፣ ይህን ጊዜ ሳይቆረጥ ቀጠለ።

«አሸንፌያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አፈር ነበርኩ። ድምፄ ሲሻክር ሁሉም ‹ብርድ ነው፣ ያልፋል› አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ ሐኪም ቤት አልወድም። ይህቺ ግትር ናት እየጎተተች የወሰደችኝ። ‹ነገ ተመለሱ› ሲሏት ‹ሳይታይ አልነቃነቅም› ብላ በር ላይ የተቀመጠችው፣ የጮኸችው እሷ ናት። ድምፄ ሊሄድ ነው፤ ነፍሴን ግን አስቀርታልኛለች። ስለዚህ ዮናስ፣ ጠባይዋን ያርምልህ ብዬ አልመርቅህም። በሉ ወገኖቼ፣ አሜን በሉ፦

«ግትርነቷን አይንሳት!»

«አሜን!» አለ ሳሎኑ።

«ዝም የምትልበት ቤት አያስገባት!»

«አሜን!»

«አንተንም ሰምቶ የማይሰለች ጆሮ ይስጥህ! ውለዱ፣ ክበዱ! ልጆቻችሁ እንደ እናታቸው አስቸጋሪ ይሁኑ!»

ሳቅና እንባ ተደባለቀ። የዮናስ አጎት ከሁሉም በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አሜን!» አሉ። ያን የሚያህል ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

እና በዚያ ሁሉ አሜን መካከል ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ቀና አልኩ። አባዬ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለውን ራሱን ትክ ብሎ እያየ፣ በእያንዳንዱ ምርቃት ማብቂያ ላይ ከዘራውን አንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ያሳርፋል። መራቂ ለገዛ ምርቃቱ አሜን አይልም፤ አሜን የሌላው ድርሻ ነው። አባቴ ግን በዚያ ቀን ለራሱ ቃል አሜን አለ። ጉልበቱን አቅፌ አለቀስኩ። የቀረው ሜካፕ ሱሪው ላይ ቀረ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መጀመሪያ ከሙያዬ ልምከራችሁ፤ ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። የምትወዱትን ሰው ድምፅ የያዘ ቪዲዮ ካላችሁ፣ በሚታይበት ቴሌቪዥን ላይ እስከ መጨረሻው ሞክሩት። ድምፁን ስትለውጡ ሥዕሉን አትነካኩ። ኦርጅናሉን ደግሞ ማንም ‹ሞላ› ቢላችሁ እንዳታጠፉ፤ ይልቅ ሌላ ፍላሽ ግዙ! ኤፍሬም ይህን እንደሚያነብ አውቃለሁ። አንብበው፣ ወንድሜ።

ሌላው የግሌ ነው። እኔ ወደ ትዳር ልገባ የነበረው ተቆርጬ ነበር። ለሰው ደስ ይላል ያልኩትን ግማሼን ብቻ ይዤ፣ ሌላውን ላጠፋው ነበር። አባቴ ጉድለት ብሎ የጀመረው ነገር ምርቃት ሆኖ ያለቀው ቃሉ እስከ መጨረሻው ስለተሰማ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴን ለማለስለስ ብዬ ዝም ብዬ አላውቅም። ዮናስም የሚሰማ ጆሮ ተመርቆለታልና ይችለዋል። አንዳንዴ ሲመረው ‹አባባ ትንሽ አብዝተውታል› ይላል።

አባዬ ዛሬም አለ። በቅርቡ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ምሳ ስንበላ፣ ኤፍሬም የእቴቴን ስልክ ‹ላስተካክልልሽ› ብሎ ሲነካካ አየሁት፣ ጮህኩበትም። እቴቴ እንደ ልማዷ፣ «ኧረ ቀስ በይ ልጄ! ዝም አይነቅዝም» አለችኝ።

አባዬ በልቶ ጨርሶ መኝታ ቤቱ ጋደም ብሏል፤ ተኝቷል ብለን ነበር። ከውስጥ ከዘራው ሁለት ጊዜ ተሰማ።